የአባቴን ቀይ መኪና ጎማ የመረጠው በላይነህ

የበላይነህን ሞት የነገረኝ ከደብረ ብርሃን የገባ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሱቄ ደጃፍ ላይ ጎማ እየደረደርኩ ነበር። ሹፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሽመልስ፣ በላይነህ አረፈ" አለኝ። ሆስፒታል መተኛቱን አውቃለሁ፤ ጉበቱን ነው ተብሎ ነበር። ግን እንደሱ ያለ ጯሂ ሰው ይሞታል ብሎ ማን ያስባል? የያዝኩትን ጎማ መሬት አስቀምጬ እላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልናገር። በቀብሩ ዕለት ከሐዘኑ ቀድሞ የያዘኝ ቅናት ነው። ሰው በሬሳ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። መሐል ሜዳ ተወልጄ መሐል ሜዳ ያረጀሁት እኔ ነኝ፤ እሱ የዓለም ከተማ ተወላጅ፣ ከእኛ ጋር ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው ነው። አስከሬኑን ተከትሎ የወጣውን ሕዝብ ግን ባያችሁ! ከሩቅ ከቀየት ሳይቀር ተጭነው የመጡ ሹፌሮች ነበሩ። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ እኔ ጥግ ቆሜ፣ እኔ ብሞት ከዚህ ሁሉ ሰው ስንቱ እንደሚመጣ አሰላለሁ። ሚስቴ ጎኔን ጎሸም አድርጋ "ምን ታያለህ?" አለችኝ። "ሰዉን" አልኳት። ታውቀኛለችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

በላይነህ ወደ እኛ የመጣው ሚስቱ አልማዝ መሐል ሜዳ መምህርት ሆና ስትመደብ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ነበር፤ ለመኪና ውድድር ሰዎች መኪና ሲያዘጋጅ፣ አልፎ አልፎም ራሱ ሲወዳደር የኖረ። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እሸጣለሁ፣ የተበሳ እደፍናለሁ፣ ከቸርኬ አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። አንድ ቀን አባቴ እንደወትሯቸው ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ በላይነህ ገባና ሥራ ጠየቀ። ሰው አያስፈልገኝም ልለው አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ። "ይህን ልጅ ያዘው" አሉ። ሰውየው እኮ በዕድሜ ከእኔ አያንስም! ለአባቴ ግን ከገባባት ደቂቃ ጀምሮ "ልጅ" ሆነ። እኔን ሽመልስ ነው የሚሉኝ።

ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ትሑት ሰው እንዳይመስላችሁ። ጎማ ቤት ለመሥራት ሸሚዙን አስተኩሶ የሚመጣ ዘናጭ ነበር። አርፍዶ ይገባል፤ ገብቶም መጀመሪያ የሚያደርገው በዚያ ስንጥቅ ድምፁ መዝፈን ነው። ቁርስ ካዘዝኩ ሳያስፈቅድ ከፊቴ ይጎርሳል። "በዚች አገር ጎማ የሚያውቅ ሰው ካለ ጥሩልኝና ልሳመው" ብሎ ይፎክራል። እኔ እንዲህ ብሆን ሰው ይሸሸኝ ነበር። እሱን ግን ማንም አይከፋበትም። ሚስቴ እንኳ ምሳ ስታመጣልኝ "ለበላይነህም ጨምሬበታለሁ" ትላለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አባቴን "አንተ" ማለቱ ነው። አባቴ አቶ ተክሌ በመንዝና በመርሐቤቴ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ያረጁ፣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ የሚቀበላቸው ሰው ናቸው። እኔ ልጃቸው ጢሜ እስኪሸብት አንቱ ብያቸዋለሁ። በላይነህ በመጣ በሳምንቱ "ጋሽ ተክሌ፣ አንተ ሰውዬ፣ ና ቁጭ በል እስቲ" አላቸው። አሁን በከዘራ ነው የሚሉት ብዬ ጠበቅኩ። ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ። ደስ ብሏቸው!

ለፋሲካ ዘመዶቹን ሊጠይቅ የመጣ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ነበር፤ መሬት የምትልስ የምትመስል ዝቅ ያለች ስፖርት መኪና ይዞ። ካለህ ሁሉ ሰፊውን ጎማ ስጠኝ አለኝ። ነበረኝ። ላወርድለት መሰላል ላይ ወጥቼ ሳለሁ በላይነህ ከጓዳ ብቅ አለ። ጎማውን አላየም፤ ሰውየውን አየ።

"ወንድሜ፣ የት ነው የምትነዳት?"

"መንገድ ላይ ነዋ! ሌላ የት ይነዳል?"

"የትኛው መንገድ?"

"ከአዲስ አበባ እዚህ፣ ከዚህ አዲስ አበባ። አንዳንዴ ደግሞ ቦታ ሲዘጋልን ከጓደኞቼ ጋር ዙር እንነዳለን።"

"አየህ፣ ሁለት ነገር ነው የነገርከኝ" አለ በላይነህ፣ እጁን በሰውየው ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ። "ለመንገዱና ለዙሩ አንድ ጎማ አትፈልግ። የኛ አገር ብርድ ነው፤ ጎማ ደግሞ ካልሞቀ መሬት አይዝም። በዚህ ብርድ ሰፊው ሳይሞቅልህ ቤትህ ትደርሳለህ። ጣርማ በር ላይ ዝናብ ከያዘህማ ውሃው ላይ ይንሳፈፍብሃል። ለመንገድ ጠበብ ያለ፣ ጎኑ ከፍ ያለ ግጠም፤ ጉድጓድ ብትመታ ቸርኬህን ያተርፍልሃል። ሰፊውን ለዙር ቀን አስቀምጠው። እዚያ ደጋግመህ ስትዞር ገብስ የሚቆላ እስኪመስል ይግላል፤ ያኔ ነው ስፋቱ የሚጠቅምህ።"

"ሰፊው ግን ያምራል" አለ ሰውየው፣ ልቡ ወደ እኔ መሰላል እየሸፈተ።

"በጣም ያምራል! ለፎቶ ከሆነ የሽመልስን ውሰድ።"

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቁ። እኔ መሰላል ላይ እንደተሰቀልኩ ቀረሁ። ሰውየው ጠባቡን ገዛ፤ ሲሄድ የበላይነህን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነው፤ ለእኔ በአገጩ ሰላም አለኝ። ሱቁ የእኔ፣ ጎማውም የእኔ፣ ምስጋናው የበላይነህ።

አሁን ወደ ቀይዋ መኪና ልምጣ። አባቴ በወጣትነታቸው የገዟት ባለ ሁለት በር ትንሽ የጣሊያን ስፖርት መኪና አለች። ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ፣ የመንዝ ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለብሳ ነው የምትኖረው። እኛ ልጆቹ በአንድ ባና ለሁለት ስንተኛ እሷ ለብቻዋ ነበራት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ጣውንቴ" ነበር የምትላት። አባቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ አይነዷትም፤ ግን ሞተሯን በየሳምንቱ ያስነሳሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ያጠፋሉ። ቁልፏ ከኮት ኪሳቸው አይለይም። አንድም ቀን ለእኔ ሰጥተውኝ አያውቁም።

በላይነህ ከመምጣቱ በፊት ለአባቴ ስጦታ ብዬ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ ጎማ አምጥቼላት ነበር። ስፋቱ ሁለት መቶ አምስት ሚሊሜትር፤ የድሮዋ ጎማ መቶ ስድሳ አምስት ነው። ገጥሜ ስጨርስ በጣም አምራ ታየችኝ። አባቴ ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ምንም አላሉም። ባናውን መልሰው አለበሷት። ያ ዝምታቸው ምን ያህል እንደጎዳኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በላይነህ ባናውን ገልጦ ባየ ጊዜ ግን አልዘለለውም።

"ይችን የመሰለች ልጅ ማን ነው የወታደር ቦት ጫማ ያጠለቀላት?"

አባቴ በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ሽመልስ ነዋ!" አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ ሲስቁት የኖሩት በሆዳቸው ነው።

ከዚያ በላይነህ ሥራ ጀመረ። ሲሠራ አይዘፍንም፤ አይፎክርም፤ ሌላ ሰው ይሆናል። ጎማው መሬት የሚረግጥበት ፊቱና ጎኑ የሚገናኙበትን ጠርዝ በጠመኔ ዙሪያውን ቀባ። አባቴ ቁልፉን ለፍተሻ ብለው ሰጡት፤ ግቢያችን ፊት ያለው ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ አጠማዘዛት። ወርዶ ጠራኝ። "ና ሽሜ፣ እይ። ጠመኔው ከጠርዙ አልፎ እስከ ጎኑ ድረስ ተፍቋል። ቸርኬዋ ጠባብ ነው፤ ጎማህ በልጆች ወንበር እንደተቀመጠ ወፍራም ሰው ግራና ቀኙ ተርፎ ወጥቷል። ስትታጠፍ በጎኑ እየተኛ ነው። ደግሞ መሪውን እስከ ጥግ ስታዞረው ፓራፋንጎዋን፣ የጎማ መሸፈኛ ቆርቆሮዋን፣ ይፍቃል፤ ይሸትሃል?" ይሸተኝ ነበር። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ነው፤ ሃያ ዓመት የኖርኩበት ሽታ።

ጎማ ሲመረምር አንድ ልማድ ነበረው። መኪናዋ ከሩጫ እንደተመለሰች ተንበርክኮ በእጁ ጀርባ ጎማውን ይዳስሳል፤ መጀመሪያ የውስጡን ጠርዝ፣ ከዚያ መሐሉን፣ ከዚያ የውጩን፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታይ። መሐሉ ብቻ ከሞቀ "ነፋሱ በዝቷል" ይላል። ጠርዞቹ ብቻ ከሞቁ ነፋስ ይጨምራል። ሦስቱም እኩል ሲሞቁለት ዓይኑን ጨፍኖ "እሰይ" ይላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለራሱ። እኔም ሰው በሌለበት የደንበኞቼን ጎማ እንደዚያ ዳስሼ አውቃለሁ። እሱ የሚሰማው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ለቀይዋ ሦስት ዓይነት ጎማ ነው የመረጠላት። ለመንገድ መቶ ሰባ አምስት፣ ጎኑ ከፍ ያለ። ለዙር መቶ ሰማንያ አምስት፣ ቁመቱ ከድሮዋ ብዙ ያልራቀ፣ ጎማው ጠንከር ያለ፤ ረጅሙ ቀጥታ ላይ ማርሽ ቶሎ እንዳያልቅባት ነው አለኝ። ሦስተኛው ያው መቶ ሰማንያ አምስት ሆኖ ጎኑ አጭር፣ ጎማው ልስልስ ያለ። "ይሄ ሳይሞቅ ይይዛል። አጭር ስለሆነም ከቆመችበት ዘላ ትነሳለች። እዚህ ተራራ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሯ ያለከልካል፤ ትልቅ ጎማ አታሸክማት" አለ። ይህ ሦስተኛው ለጀሪካን ውድድር ነው።

የጀሪካን ውድድር የሹፌሮቻችን ፈጠራ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የመንገድ ሠሪዎች ካምፕ የነበረ ቦታ አለ፤ ሲሄዱ ጠፍጣፋ አስፋልቱን ትተውልን ሄዱ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ እንሰበሰባለን። ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች አሸዋ ተሞልተው እየተጠማዘዘ በሚሄድ መስመር ይደረደራሉ፤ መኪኖች አንድ በአንድ በመካከላቸው ይሽሎከለካሉ፤ ጀሪካን የገፋ ይወጣል፤ በሰዓት ፈጥኖ የጨረሰ ያሸንፋል። ሥርዓትም አለው። ባለ መኪናው በሕዝብ ፊት ቁልፉን ለነጂው ይሰጣል፤ ነጂው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ባለ መኪናው ይመርቀዋል። አንዳንዱ ምርቃት ከውድድሩ ይረዝማል።

አባቴ ቀይዋ ዘንድሮ ትወጣለች ሲሉ ልቤ ዘለለ። ጎማውን በላይነህ ይምረጥ፤ ግድ የለኝም። መንዳቱ የልጅ ነው። አባቴ በሰው ፊት መርቀውኝ አያውቁም፤ ሠርጌ ላይ እንኳ ጉሮሮዬን አሞኛል ብለው ለቄሱ ነው የተዉት። ያን እሑድ አዲስ ሸሚዝ ለበስኩ። እኔም አስተኮስኩ።

አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው መሐል ገቡ። ቁልፉን ከኮታቸው አወጡ። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩ። "በላይነህ፣ ና ልጄ" አሉ።

ልጄ!

ጎንበስ አለ፤ ተቀበለ። "እንዳወጣህ ይመልስህ፤ መሪህን ያቅናልህ፤ ስምህን ከፍ ያድርገው" አሉት፤ ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ? ወደፊት የሄድኩበትን እርምጃ ለመሸፈን አንዱን ጀሪካን አስተካከልኩ፤ ቀጥ ብሎ የቆመውን።

አነዳዱን ልናገር አልፈልግም፤ ግን መናገር አለብኝ። ቀይዋ እንደዚያ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ያ አጭር ጎማ አስፋልቱን ነክሶ ይዟት፣ እሷም እንደ ወጣት ልጅ ወገቧን ታሽከረክራለች። አንድም ጀሪካን አልነካም። ከሚኒባሶቹና ከፒክአፖቹ ሁሉ ቀደመ። ግን አንደኛ አልወጣም። አንደኛ የወጣው ባጃጅ ነው! ባጃጁ ጀሪካኑን የሚዞረው በቆመበት ነበርና ማን ይችለዋል? እኔ በባጃጅ ብሸነፍ አገር ለቅቄ በሄድኩ። በላይነህ ባጃጅ ነጂውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ "አላልኳችሁም? ትንሽ ጎማ አላልኳችሁም?" እያለ ሜዳውን ዞረ። ተሸንፎም የተወደደው እሱ ነው። አባቴ አንገቱን አቅፈው ሳሙት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ የዙሩን ጎማ ጭነው አዲስ አበባ ወረዱ፤ አባቴ በሕይወታቸው አንዴ ቀይዋ ያለ ጉድጓድ ስትሮጥ ማየት እፈልጋለሁ ብለው። ሱቅ ጠባቂ ያስፈልጋልና እኔ ቀረሁ። ሲመለሱ የሁለቱ ብቻ የሆነ ሳቅ ይዘው መጡ። አንዱ "ያ ሦስተኛው ኩርባ" ካለ ሌላው በሳቅ ይፈርሳል። ምን እንደነበረ አልጠየቅኩም።

በላይነህ ግን ቁልፉን እንደምመኝ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ጎማ እያጠብን "ሽሜ፣ ቁልፉን ለምን ጋሽ ተክሌን አትጠይቀውም?" አለኝ።

"አልለምንም።"

"አንተ ትኮራለህ፣ እሱ ይኮራል። እኔ መሐላችሁ ተጣብቄ ልፈነዳ ነው።"

"ማን መሐል ግባ አለህ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። "አባቴን አላውቀውም" አለ። "ሳልወለድ ነው የሞተው። ጋሽ ተክሌ ልጄ ሲለኝ ዝም በል እንዴት እለዋለሁ?" ከዚያ ያን ክፉ ድምፁን ከፍቶ መዝፈኑን ቀጠለ። ብጠላው እንዴት በቀለለኝ! አልጠላሁትም፤ ሁለት ቀን ሲቀር ሱቁ ጭር ይልብኝ ነበር። መውደድና መቅናት አብረው ሲይዙ ሰው ዕረፍት የለውም።

ከዚያ ታመመ፤ ብዙም አልቆየ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሱቅ መጡ። ከለቅሶው ወዲህ ከቤት አልወጡም ነበር፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። "ለቀይዋ የመንገዱን ጎማ ግጠምላት" አሉኝ። ግቢያችን ሄደን ገጠምኩላት። ነፋሱን በላይነህ ይለካው በነበረው ልክ አደረግኩ። ስጨርስ ቁልፉን ዘረጉልኝ። ሕዝብ አልነበረም፤ ምርቃትም አልነበረም። እጄን በጨርቅ ጠርጌ ተቀበልኩ።

ወደ ጣርማ በር በሚወስደው መንገድ ወጣን። ገብሱ ታጭዷል፤ ሜዳው ባዶ ነው። ቀይዋ ኩርባውን ያለ ጩኸት ትይዘዋለች፤ ከእጄ ሥር መሬቱ ይሰማኛል። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ዓመት? ብዙ ከሄድን በኋላ በሆዴ የኖረው ወጣ።

"አባባ፣ ያን እሑድ ቁልፉን ለምን ለእሱ ሰጡት? እኔ እያለሁ።"

 እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጡ።

"በወጣትነቴ በዚች መኪና ተገልብጬ አውቃለሁ" አሉ። "እናትህም አልሰማች፤ ማንም አልሰማ። ከመስታወቱ ስወጣ አንተን ነው ያሰብኩት፤ ያኔ ገና ትድህ ነበር። ይህ ልጅ መሪዋን የሚይዝበትን ቀን አያሳየኝ አልኩ። እሷን ሰጥቼህ አንድ ነገር ብትሆንብኝ አልችለውም፣ ሽመልስ። እችላለሁ ብዬ ራሴን ላታልል እንኳ አልቻልኩም።"

"እሱስ?"

"እሱ የሌላ ሰው ልጅ ነው። ክፉ ቢያገኘው አዝናለሁ፣ ግን እችለዋለሁ ብዬ ነበር።" ቁልፉ ይኖርበት የነበረውን የኮት ኪሳቸውን ዳሰሱ። "አልቻልኩም።"

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩትን ነገር አባቴ በአፋቸው ነገሩኝ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሲያለቅሱ ግን የሚያለቅሱት ለበላይነህ ነበር።